ካርዱ እጄ ላይ እያለ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን የሰዓት ጋራንቲ ውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ አርባ ደርሷል። አዲስ የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ከላይ ሳያነብ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የተባባልነውን እኔው በራሴ አፍ ላውጋችሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለብጥም፤ አንዳንዱ ቢገለበጥ ያጣላል። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ካልነገርኳችሁ በቀር እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው። ለምን እንደማስጠነቅቅ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በ2022 አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ዱባይ ሦስት ቀን አደርኩ። እዚያ ሰዓት የሚያገበያይ አንድ የአገሬ ልጅ አለ፤ ያገናኘን የአክስቴ ልጅ ነው። የስዊስ ሰዓት ገዛሁት። ስሙን አልጠራም፣ የቤቱም ሕግ አይፈቅድም። ሣጥኑ፣ መመሪያው፣ የጋራንቲ ካርዱ፣ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። ግማሹን ብር በባንክ ላክሁ፣ ግማሹን እጁ ላይ ቆጠርኩለት። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። የአገር ልጅ ደረሰኝ ይጠየቃል እንዴ?

በ2025 ሰዓቱ ማታ አውልቄው ሳድር ጠዋት ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። አምስት ዓመት ጋራንቲ አለው ስለተባልኩ፣ በአምራቹ ወኪል ሱቅ በኩል ወደ ጥገና ማዕከላቸው ላክሁት። በአሥረኛው ቀን ኢሜይል መጣ። ካርዱን እንዳለ አይቀበሉትም። ሰዓቱ መጀመሪያ የተሸጠበትን ደረሰኝ መላክ አለብኝ። ካልሆነ የጥገናው ሂሳብ ከ800 ዶላር በላይ ነው።

ደሜ ፈላ። ካርዱ ላይ የሰዓቱ ቁጥር አለ፣ ቀን አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅሁ። ላለመጠገን ሰበብ እየፈለጉ ነው ብዬም ደመደምኩ። ክሩ የተነሳው ከዚህ ነው።

1ኛው መላሽ ለንደን የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። አይዞህ ብሎ ጀመረና ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። ካርድ ብቻውን ጋራንቲ አይሆንም። ጋራንቲ የሚሆነው የአምራቹ ወኪል በሸጠበት ቀን በትክክል ሲሞላው ነው። ዓመቱም የሚቆጠረው ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወኪሉ ሱቅ ከወጣበት ቀን እንጂ እኔ ከገዛሁበት ቀን አይደለም። ሮሌክስ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ለሸጠው ሁሉ አምስት ዓመት ይሰጣል፤ ኦሜጋ ደግሞ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ አምስት አድርጎታል። ሁለተኛ ገዢ የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ በረድኩ። ሙሉ አምስት ዓመት የገዛሁ መስሎኝ ነበርና።

2ኛው በአንድ መስመር ጨረሰው። ሰዓቱ አውቶማቲክ ከሆነና እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጥኩ፣ እጄ ስለማይንቀሳቀስ ሳይሞላ ያድራል የሚል ነው። በእጅ አዙረህ ሙላው አለኝ። ከመላኬ በፊት ሞልቼ አሳድሬዋለሁ። ያው ቆመ።

3ኛው ሊመክር የመጣ አይደለም። ኮንዶሚኒየም እጁ ላይ አስሮ ስለ ደረሰኝ የሚያለቅስ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ስልኩም ሰዓት እንደሚናገር አስታወሰኝ። 4ኛዋ ሰው በላቡ ባገኘው ብር ምን እንደሚገዛ አንተን ማን ሾመህ ብላ አጠበችው። እኔ ዝም አልኩ። በልቤ ግን እናቴም ያንኑ እንዳለችኝ አስታወስኩ።

ክሩን የቀየረችው 5ኛዋ ናት። ዱባይ አንድ ትልቅ ሞል ውስጥ ስድስት ዓመት ሰዓት ሸጣለች። እሷ በሠራችበት ሱቅ ገዢው ከፍሎ ሲጨርስ ሰዓቱ ትሪ ላይ ይቀመጣል። አንደኛዋ ሻጭ ከሰዓቱ አካል ላይ ቁጥሩን ታነባለች፣ ሌላዋ ካርዱ ላይ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ታመሳክራለች። ከዚያ ካርዱ በማሽን ይነበባል፤ የተሸጠበት ቀን አምራቹ ዘንድ ይመዘገባል። ጋራንቲው መቁጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። ካርዱ ቢቀደድም ቢጠፋም ያ ቀን እዚያ አለ። ሮሌክስ በ2020 ባወጣው ካርድ ላይ የሻጩ ሱቅ ስም ጭራሽ አይጻፍም፣ ውስጡ ግን ቺፕ አለው። እኔና እናንተ ካርዱን አይተን ሰዓቱ ከየት እንደወጣ አናውቅም። እነሱ ያውቃሉ።

ቀጥላ የጻፈችው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። አንዳንድ ሱቅ ቶሎ የማይሄድለትን ሰዓት በኋላ በር ለነጋዴ ያወጣዋል። ያኔ ካርዱ ላይ ቀን አይሞላም። ነጋዴዎቹ ክፍት ካርድ ይሉታል። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ባዶውን ይዞራል። የመጨረሻው ሻጭ ደንበኛው ፊት ቀኑን በእስክሪብቶ ይሞላና አዲስ ነው ብሎ ይሸጣል። የኔ ካርድ ላይ ያለው ቀን የታተመ ነው ወይስ በእጅ የተጻፈ ብላ ጠየቀችኝ። በእጅ የተጻፈ ነው ብዬ መለስኩ። ምንም አልጻፈችም። አንዲት የፊት ምልክት ብቻ ላከች፣ ያቺን አይኗን ወደ ላይ የምትሰቅለውን።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ስለ ምዝገባ ተከራከሩ። 6ኛው ካርቲዬ ስምንት ዓመት ጋራንቲ ስለሚሰጥ የሚሻለው እሱ ነው አለ። 7ኛው አረመው፦ ካርቲዬ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ባለቤቱ ኢንተርኔት ላይ ሲያስመዘግብ ነው፤ ያውም ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ። ዬገር ለኩልትርና አይደብሊውሲ የሚባሉት አምራቾችም እስከ ስምንት የሚያደርስ ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ስትመዘገብ የሰዓቱን ቁጥርና የተገዛበትን ቀን ይጠይቁሃል። የዘነጋ ሰው ስድስት ዓመት ተቃጠለበት ማለት ነው። 8ኛዋ ደግሞ ቱዶር የሚባለውን አምራች አነሳች። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ አምስት ዓመት ይሰጣል፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ሰዓቱ ለሌላ ቢሸጥም ጋራንቲው አብሮ ይሄዳል። ለሰነፍ የተሠራ ጋራንቲ አለችው። እኔን ይሆን?

9ኛው ጋሼ ናቸው። ይህን ቤት የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ጠግነዋል፣ አሁን ልጆቻቸው ጋ ዴንቨር ናቸው። ሁልጊዜ በረጅሙ ይጽፋሉ፣ ነጥብ አይወዱም። እንደሚሉት በእርሳቸው ጊዜ ካርድ የሚያሳይ አልነበረም። ሰው ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርጋል፣ እርሳቸው ማጉያዋን አይናቸው ላይ ይሰኩና የኋላ ክዳኑን ይከፍታሉ። ክዳኑ ውስጥ ከእርሳቸው በፊት የነካው ጠጋኝ በመርፌ የጫራት ቀንና ምልክት ትገኛለች። አንዳንዱ ሰዓት ውስጥ አምስትና ስድስት እጅ ያያሉ፤ የአሥመራ እጅ፣ የአዲስ አበባ እጅ፣ አንዳንዴም የማይታወቅ የፈረንጅ እጅ። የሰዓቱ ታሪክ እዚያ ነበር የሚነበበው።

የሮሌክስን ቁጥር የት እንደሚፈልጉም ነገሩን። በድሮዎቹ ላይ ማሰሪያው ሲወልቅ ከ6 ቁጥር ወገን ማሰሪያውን በሚይዙት ሁለት እግሮች መካከል ይገኛል። በአዲሶቹ ላይ ከመስታወቱ ሥር ባለው የውስጥ ቀለበት ላይ፣ እዚያው 6 ቁጥር ጋ ተቀርጿል። ከ2010 ገደማ ወዲህ ቁጥሩ በዘፈቀደ የሚሰጥ ስለሆነ ከቁጥሩ ተነስቶ ዓመቱን መገመት ቀርቷል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሰዓት ይዞላቸው መጣ። በእግሮቹ መካከል ጣታቸውን ቢያሳልፉ ይሟለጫል። ተሞርዷል። ክዳኑን ሳይከፍቱ መለሱለት። ቁጥሩ የጠፋ ሰዓት ስሙ እንደተፋቀ መቃብር ነው ብለው ጻፉ፤ ይቺን ቃል መደበቅ አልቻልኩም፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬም ቁጥሩ የተነካካ ሰዓት ወደ አምራቹ ቢሄድ ጋራንቲ የሚባል ነገር የለውም።

10ኛው፣ 11ኛውና 12ኛው ጋሼን የየራሳቸውን ሰዓት ጠየቋቸው። አንዷ የአባቷ ሰዓት ዶፍ ዝናብ ሲመታው ውስጡ ላብ እንዳወጣ ነግራ ጋራንቲ ይይዘው እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼም መሙያው (ጎኑ ላይ ያለችው የምትዞረው ጉብታ) ሳይጠብቅ ውሃ ከገባ ማንም አምራች እንደማይሸፍን፣ መስታወት መሰንጠቅ፣ የቆዳ ማሰሪያ ማለቅ፣ መጥፋትና መሰረቅም እንደማይገቡ መለሱላት። ጋራንቲ የሠሪ ጥፋት ብቻ ነው።

በ13ኛው መልስ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው የሰረቀ ሰው ደረሰኝ እንደማይኖረው፣ የኔም ሻጭ ሣጥንና ካርዱን አብሮ የሰረቀ ጎበዝ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። የማላውቀውን ሰው ሌባ አትበልብኝ ብዬ በ14ኛው መለስኩ። ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም ብሎ በ15ኛው ያዘኝ። መልስ አልነበረኝም። የአክስቴን ልጅ አውቃለሁ፤ ሻጩን ግን ያየሁት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፣ ያውም ሻይ ላይ። ተቆጣጣሪው ገብቶ ሁለታችንንም አስጠነቀቀ።

16ኛዋ ጸብ ውስጥ ሳትገባ የሚጠቅም ነገር ጣለች። የተሰረቀ ሰዓት የሚመዘገብባቸው ቦታዎች አሉ። ለንደን ያለው ዘ ዎች ሬጅስተር የጠፉና የተሰረቁ ሰዓቶችን መዝገብ ይይዛል። ካርቲዬንና አይደብሊውሲን የያዘው ሪሽሞን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2023 ኤንኪረስ የሚባል ነጻ መዝገብ ከፍቷል፤ የሌላ አምራች ሰዓት ቢሆንም ቁጥሩን አስገብተህ ትጠይቃለህ። እኔም ወዲያው አስገባሁ። አልተመዘገበም። 13ኛው ይህንን አይቶ አልተመዘገበም ማለት አልተሰረቀም ማለት እንዳልሆነ ጨመረልኝ። ልክ ነው። ግን ያን ለት ማታ መስማት አልፈለግሁም ነበር።

17ኛው የካርዱን ፎቶ እንድለጥፍ ጠየቀ። ቁጥሩን በጣቴ ሸፍኜ ለጠፍኩ። 18ኛው አይቶ ፎርጅድ ነው ብሎ ፈረደ፤ የሐሰተኛ ሰዓት ነጋዴዎች ካርዱንም ሣጥኑንም አብረው እንደሚያትሙ፣ ስልክ ሲጠጋው የሚጮህ ቺፕ ያለውም እንዳለ ጻፈ። 5ኛዋ ተመልሳ መጣችና የኔ ካርድ ፎርጅድ አይመስላትም አለች። የሰዓቱን ቁጥር ማዕከሉ አልተቃወመም። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ስለ ደረሰኝ አይጽፉም ነበር፤ ሰዓቱ የኛ አይደለም ብለው ይመልሱት ነበር። ሎጂኳ ገባኝ። በኢሜይሉ ውስጥ የተቃወሙት ካርዱን እንዳለ መቀበልን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ 20ኛው መጣ። ምናልባት የዚህ ቤት ታላቅ መልስ ይህ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቼክ ላይ ቀን ሲያይ የሚውል። ካርዴ ላይ ያለውን ቀን እንደገና ጮክ ብዬ እንዳነብ ጠየቀኝ። አነበብኩ፦ 12/09/2014።

እስኪ አስቡት። ሰዓቱን የገዛሁት በሜይ 20፣ 2022 ነው። ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.። ሰውየው በሀበሻ ነው የሞላው!

አሜሪካ ያለው ቴክኒሻን የሚያየው ግን ዲሴምበር 9፣ 2014 ነው። የኔ ሰዓት ሞዴል የወጣው በ2019 ነው። ካርዴ ሰዓቱ ሳይፈጠር ከአምስት ዓመት በፊት እንደተሸጠ ይመሰክራል። ቢፈጠርም ኖሮ ጋራንቲው በ2019 አልቋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ካርድ እያየሁ አንድም ቀን አልጎረበጠኝም። አይኔ በሁለቱም አቆጣጠር ስለለመደ ዝም ብሎ አለፈው።

ከ21 እስከ 26 ያለውን ሳቅ አልተርክም፤ ገብታችሁ እዩት። አንዷ የልደት ወረቀቷ ላይ ሰባት ዓመት አንሳ ተጽፋ ጡረታ ለመውጣት ገና እንደሚቀራት ነገረችን። አንዱ የአባቱን የቤት ሽያጭ ውል ለአሜሪካ ኢንሹራንስ አስተርጉሞ ሲልክ አስተርጓሚው ቀኑን ሳይለውጠው ቀርቶ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የተሸጠ ሆኖ ተገኝቷል። 3ኛውም ተመልሶ መጣና ሰዓቴ ከዘመኑ ቀድሞ እንደሚሄድ፣ ለዚያ ሳይሆን አይቀርም የደከመው አለ። ይቅር ብየዋለሁ።

27ኛው ከርዕስ ወጣ፣ ግን ደስ በሚል መንገድ። ቀን ከተነሳ አይቀር ብሎ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት አመጣ። ቁጥር 2497 የሚባለው ሞዴል ነው፣ የወሩን ርዝመት፣ አጭሩን የፈረንጅ ፌብሩዋሪን ሳይቀር፣ ራሱ እያወቀ ቀኑን የሚያስተካክል። ቀደም ሲል በባለቤትነት ክርክር ከጨረታ ወርዶ ነበር፤ በኋላ በኖቬምበር 2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንዲህ ያለ ሰዓት እንኳ ጳጉሜን አያውቅም አለ። ንጉሡ በዚያች በአምስቷ ቀን ምን ያደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

28ኛዋ ከዚያው ተነስታ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። ፓቴክ ሰዓቱን ሲሸጥ የትውልድ ማስረጃ የሚሉትን ወረቀት ይሰጣል። ከጠፋ ጠፋ፤ ሁለተኛ አይሰጡም። ከመዝገባቸው ግን ቅንጭብ ጽፈው ይሰጡሃል፣ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ የሚል። የገዢውን ስም አይነግሩህም። ወረቀቱም ሰዓቱ ኦርጅናል ነው ብሎ አይመሰክርም፤ መዝገቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት አለ ብሎ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

29ኛው በዚህ ላይ ኦሜጋን ጨመረ። በኖቬምበር 2021 ጄኔቫ ላይ የ1957 ዘመን ሞዴል የሆነ ስፒድማስተር የሚባል የኦሜጋ ሰዓት በፊሊፕስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ወጣ። በ2023 ኩባንያው ራሱ ሰዓቱ ከተለያየ ዕቃ የተገጣጠመ እንደነበረና የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ተናገረ። ገዢው ማን ነበር? የኦሜጋ የራሱ ሙዚየም! አምራቹን ራሱን ያሞኘ ዕቃ ካለ እኔ በ12/09/2014 መሞኘቴ ምን ይገርማል ብሎ አጽናናኝ። ጋሼ ከሥር ገብተው በቁጣ ጻፉ፤ የሰው ሰዓት ከሦስት ሰዓት ገጣጥሞ አንድ ነው ብሎ መሸጥ የሙያ ውርደት እንደሆነ። ያን ያህል ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

31ኛዋ ሲያትል ኢንሹራንስ ቤት የምትሠራ ናት። እኔ ላይ ብዙም አልራራችም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ነገር እያቀላቀልኩ እንደሆነ ነገረችኝ። ካርዱ የሚናገረው ስለ ሰዓቱ ነው፤ ይህ ቁጥር በዚህ ቀን ከወኪል ሱቅ ወጣ ይላል። ደረሰኙ የሚናገረው ስለ ሰውየው ነው፤ ይህን ዕቃ እከሌ ይህን ያህል ከፍሎ ወሰደ ይላል። ጠጋኙ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ ካርዱ ስላልተናገረለት ብቻ ነው ደረሰኝ የጠየቀው። ኢንሹራንስ፣ ፖሊስና ጉምሩክ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱም የለኝም አለች። ካርዴ ዋሽቷል፣ ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ የባንክ ማስተላለፊያዬም የሚያሳየው ግማሹን ብር ነው። ሰዓቱ ነገ ቢሰረቅ ምን ይዤ እንደምቀርብ ጠየቀችኝ። የሣጥኑን ፎቶ ብዬ አልመለስኩም፣ ግን እውነቱ እሱ ነበር።

32ኛው ዱባይ በቱሪስትነት ከሱቅ ብገዛ ኖሮ አምስት በመቶውን ቫት ኤርፖርት ላይ በከፊል ማስመለስ እችል እንደነበር፣ ያ ደግሞ ያለ ደረሰኝ እንደማይሆንና ደረሰኝ መያዝን በግድ እንደሚያስተምር ጻፈ። 33ኛው ያገለገለ የፈለገ ሰው ሮሌክስ በዲሴምበር 2022 የጀመረውን በራሱ የተረጋገጠ ያገለገለ ሰዓት ሽያጭ እንዲያይ መከረ። ሁለት ዓመት አዲስ ጋራንቲ አለው። ዋጋውን አይቼ ዘጋሁት።

ከዚያ ስልክ ደወልኩ። ሻጩ አልካደም። ካርዱ ባዶ ነበር፣ ያን ለት ማታ እኔ ሻይ ስጠጣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሞልቶታል። ለአንተ ብዬ ነው አለኝ፤ አምስት ዓመቱ ከዚያ ቀን እንዲቆጠርልህ። በሀበሻ ለምን ጻፍክ ስለው የደብተሬን ቀን ነው የጻፍኩት አለ። ሂሳቡን ሁሉ በዚያ ነው የሚይዘው። ሳቄ መጣ። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

ለጥገና ማዕከሉ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ጻፍኩ፤ አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ሳይቀር። 5ኛዋ በመከረችኝ መሠረት ደረሰኝ እንደሌለኝ አምኜ፣ ሰዓቱ መጀመሪያ የተላከለትን ወኪል ራሳቸው እንዲጠይቁልኝ ለመንኩ። ሁለት ሳምንት ዝም። በ38ኛው መልስ ላይ ውጤቱን ለጠፍኩ። ስለ አቆጣጠሩ የጻፍኩት ደስ እንዳላቸው፣ ግን ምንም እንደማይለውጥ ነገሩኝ። በወኪል ያልተሞላ ካርድ በየትኛውም አቆጣጠር ያልተሞላ ነው። ሆኖም ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያለው ወኪላቸው ሰዓቱን በኖቬምበር 2020 እንደሸጠ አረጋግጧል። ስለዚህ ጋራንቲው እስከ ኖቬምበር 2025 ድረስ ይሠራ ነበር። ለጥቂት ወር አመለጥኩ። የመሙያው ጥርስ ተቀይሮ በነጻ ተመለሰልኝ። አዲስ ካርድ ግን አይሰጡም። አሮጌው ከነ 12/09/2014 በፖስታ መጣ።

ነገር ግን ሂሳቡን አስሉት። እኔ ስገዛው ሰዓቱ ከተሸጠ አንድ ዓመት ተኩል አልፎታል። አምስት ዓመት ብዬ የከፈልኩበት ሦስት ተኩል ነበር። ይህንን ለሻጩ ስነግረው ልዩነቱን እልክልሃለሁ አለ። አክስቴ መሐል ገብተዋል። እስካሁን አልላከም።

39ኛው እንኳን ደስ አለህ አለኝ። 40ኛው ሰዓቱን የምሸጠው ከሆነ በስንት እንደሆነ ጠየቀ፣ ካርዱ አብሮ ይምጣ፣ ቀኑም እንዳይነካ።